ካምቢዮ ከማስወረድዎ በፊት፦ የድሮ ስፖርት መኪና ማርሽ ሲጠነክር

ማርሹ እየጮኸ የሚገባ ወይም ጭራሽ አልገባም የሚል የድሮ መኪና ጋራዥ ሲገባ ፍርዱ ብዙውን ጊዜ ቶሎ ነው የሚሰጠው፦ «ኩሽኔታው አልቋል፣ ካምቢዮ ይውረድ።» አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ከካምቢዮው ውጭ፣ በገመዱ፣ በፖምፓው፣ በማርሽ ዘንጉ፣ በዘይቱ፣ አልፎ አልፎም ፔዳል ሥር በገባ ምንጣፍ ነው። የፍሪሲዮን ኩሽኔታ፣ ማለትም ፔዳሉ ሲረገጥ ፍሪሲዮኑን ገፍቶ የሚያስለቅቀው፣ ርካሽ ዕቃ ነው። የሚወደደው እሱ ጋ ለመድረስ የሚፈታው ሁሉ ነው። ኤምጂቢ ላይ ሞተርና ካምቢዮ ተያይዘው አንድ ላይ ይወጣሉ፤ ካርማን ጊያና ቮልስ ላይ ካምቢዮው ቦታው ይቆይና ሞተሩ ይወርዳል። ከዚያ በፊት የግማሽ ቀን ምርመራ አያስቆጭም።

ከታች ያለው በተለይ ለካርማን ጊያ (ከሥር ቮልስ ስለሆነ ለቮልስ ባለቤትም ይሠራል)፣ ለኤምጂቢ እና ለአልፋ ሮሜዮ ጁሊያ ዓይነቶቹ ነው። የምርመራው መንገድ ግን ፍሪሲዮን በእግር ለሚረገጥበት የድሮ መኪና ሁሉ አንድ ነው።

መኪናውን ማዘጋጀት

ደልዳላ ቦታ ያስፈልጋል። ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ደልዳላ ቦታ መፈለግ ራሱን የቻለ ሥራ ስለሆነ ግቢ ያለው ወዳጅ ካለዎት አሁን ነው የሚፈለገው። የእጅ ፍሬን ይያዙ፤ ከጎማዎቹ ፊትና ኋላ ድንጋይ ያድርጉ። ክሪክ ብቻውን መኪና ተሸክሞ ሰው ከሥሩ አይገባም፤ ሁለት ጠንካራ መደገፊያ ብረቶች ይኑሩ። ከዚህ ሌላ የሚያስፈልገው፦ 10፣ 13 እና 17 ቁልፍ፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ ማስመሪያ፣ ባትሪ መብራት፣ ያልተከፈተ ግማሽ ሊትር ዶት 4 የፍሬን ዘይት፣ ግማሽ ሜትር ውስጡን የሚያሳይ ቀጭን ቱቦ እና ፔዳል የሚረግጥልዎ አንድ ሰው።

ሁለት ነገር አስቀድመው ይጨርሱ። አንደኛ፣ ከፔዳሉ ሥር ያለውን ምንጣፍ ሁሉ ያውጡ። ድርብ የተነጠፈ ወፍራም ምንጣፍ ከፔዳሉ መጨረሻ ሁለት ሳንቲ ሜትር ቢበላ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ሳይለቅ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ሚኒሞውን (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት) ያስተካክሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ለዝቅተኛ አገር የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ሞተሩም መብራት ላይ እየጠፋ ያስቸግራል። ካርቡራተሩን ከማስተካከል ይልቅ ሚኒሞውን በደቂቃ ወደ 1,200 ዙር መስቀል የተለመደ አቋራጭ ነው። በዚያ ፍጥነት ጤነኛ ፍሪሲዮን ያለው መኪናም አንደኛና ኋላ ማርሽ ላይ ይጮሃል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ከ800 እስከ 900 ዙር ላይ ያድርጉትና ምርመራውን ከዚያ ይጀምሩ።

አራቱ ምርመራዎች

1. ሞተሩን አጥፍተው፣ ፍሪሲዮን ረግጠው ሁሉንም ማርሽ በተራ ያስገቡ። አንዱ ባይገባ መኪናውን በእጅ ትንሽ ገፋ አድርገው ይድገሙ፤ ጥርስ ከጥርስ ጋር ተፋጦ ሊሆን ይችላል። ሞተር ጠፍቶም የሚከብድ ከሆነ ኩሽኔታውን ይርሱት፤ ነገሩ የማርሽ ዘንጉ ወይም የካምቢዮው የራሱ ነው። ጠፍቶ በቀላሉ እየገባ ሲነሳ የሚከብድ ከሆነ ፍሪሲዮኑ አይለቅም ማለት ነው።

2. ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻ ይርገጡ። አምስት ይቁጠሩ። ከዚያ ኋላ ማርሽ ያስገቡ። የእነዚህ መኪኖች ኋላ ማርሽ ሲንክሮናይዘር (ማርሹ ከመግባቱ በፊት ፍጥነቱን የሚያስማማው ቀለበት) ስለሌለው እውነቱን ይናገራል። ወዲያው ሲያስገቡት ጮኾ ከአምስት ቆጠራ በኋላ ዝም ካለ ጤነኛ ነው፤ የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ እስኪቆም ጊዜ ይፈልጋል። ከአምስት በኋላም ከጮኸ የፍሪሲዮኑ ዲስክ አሁንም ከቮላኖው (ሞተሩ ጫፍ ላይ ከሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ጋር እየዞረ ነው።

3. ዜሮ ማርሽ ላይ ሆነው ድምፅ ያዳምጡ። ፔዳሉን በጣት ያህል ቀስ ብለው ይጫኑ፤ ባዶው ርግጫ አልቆ ፔዳሉ መክበድ በጀመረበት ቅጽበት የሚጀምር የሹሹታ ወይም የብረት ማፏጨት ድምፅ የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ነው። ተቃራኒው፣ ማለትም እግር ሲነሳ የሚሰማና ሲረገጥ የሚጠፋው፣ ከካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ነው የሚመጣው። ፔዳሉ እስከ ታች ተረግጦ ማርሽ ውስጥ ሲቆሙ ብቻ የሚጮኸው ደግሞ ሞተሩ ጫፍ ላይ ያለው ትንሹ የዘንግ መደገፊያ ቡሽ ነው። ሦስቱን አደባልቆ «ኩሽኔታ» ማለት የተሳሳተ ዕቃ መግዛት ነው።

4. ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ረግጠው ማርሽ ያስገቡ። በዚህ ከቀለለ መኪናው በዘይት የሚሠራ ፍሪሲዮን አለው፣ ውስጡም አየር ወይም የደከመ ጎሚኒ አለ። ቀጥሎ ረግጠው አንድ ደቂቃ ይያዙ። መጀመሪያ በደንብ ለቆ እየቆየ መኪናው ወደፊት መሳብ ከጀመረ የላይኛው ፖምፓ (በፔዳሉ የሚገፋው) ጎሚኒ በውስጥ ዘይት እያሳለፈ ነው፤ ውጭ ጠብታ ባይታይም።

ኤምጂቢ ላይ ሦስተኛው ምርመራ ትንሽ ይለያል። የእሱ ኩሽኔታ ጥይት (የሚሽከረከሩ የብረት ኳሶች) የለውም፤ ብረት ቀፎ ውስጥ የተቀመጠ የካርቦን ቀለበት ነው። ሲያረጅ አያፏጭም። ካርቦኑ ተበልቶ ብረቱ ሲነካ ነው የሚፍቀው፤ እዚያ ሲደርስ ደግሞ ፕሬሸር ፕሌቱንም (ዲስኩን ቮላኖው ላይ የሚጫነውን) ይዞት ይሄዳል።

ባለገመዱ፦ ካርማን ጊያና ቮልስ

ማስመሪያውን ከወለሉ አቁመው ፔዳሉን በእጅ ይጫኑ። እስኪከብድ ድረስ ያለው ባዶ ርግጫ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ከ20 ካለፈ ፍሪሲዮኑ አይለቅም፤ ማርሽ ይጮሃል። ከ10 ካነሰ መጀመሪያ ምንም አይታወቅም። ኩሽኔታው ግን ቀን ሙሉ ሳያርፍ ይዞራል፤ ግራሶው ይደርቃል፤ ከወራት በኋላ ፉጨቱ ይመጣል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፦ የዲስኩ ሸራ (የሚፋተገው ልባስ) ሲበላ ባዶው ርግጫ አይሰፋም፣ ይጠባል። «ፔዳሉ ጥሩ ነው፣ ከላይ ይይዛል» የሚባለው መኪና ኩሽኔታውን እየገደለ ያለው መኪና ሊሆን ይችላል።

ማስተካከያው ከግራ የኋላ ጎማ በስተውስጥ፣ ካምቢዮው ጎን ላይ ካለው ክንድ ጫፍ ነው። ጎማውን ማውጣት ሥራውን ያቀለዋል። የገመዱን ጫፍ በፒንሳ ይዘው ክንፍ ያለውን ዳዶ ያዙሩ፤ ጫፉን ካልያዙት ገመዱ አብሮ ይጠመዘዝና ክሮቹ አንድ በአንድ ይበጠሳሉ። ሲጨርሱ የዳዶው ጉብታዎች ክንዱ ላይ ባለው ጉድጓድ በትክክል መቀመጣቸውን ያረጋግጡ፤ አለዚያ በማግስቱ ራሱን ያላላል።

ዳዶውን ሳይለቁ ገመዱ ወደ ክንዱ የሚመጣበትን ወፍራም ቱቦ ይመልከቱ። ቱቦው ወደ ታች ከ25 እስከ 45 ሚሊ ሜትር መርገብ አለበት። ቀጥ ካለ መኪናው ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፤ ከመጠን በላይ ከረገበ ፔዳሉ ይከብዳል። የሚስተካከለው ቱቦው ካምቢዮው ላይ በሚያርፍበት ጫፍ ሮንዴላ በመጨመር ወይም በመቀነስ ነው።

አስተካክለው በሳምንቱ ተመልሶ የሚጠፋ፣ ሲረገጥም ከመሀል ወለሉ ሲጥ የሚል ድምፅ ያለው መኪና ካጋጠመ ገመዱ የሚያልፍበት ቀጭን ብረት ቱቦ ውስጥ ውስጡን ከብየዳው ተላቋል። ይህን ዳዶ አያድነውም፤ ወለሉ ተከፍቶ መበየድ አለበት።

በዘይት የሚሠራው፦ ኤምጂቢና ኋለኞቹ አልፋዎች

እዚህ የሚለካው ፔዳሉ አይደለም። ሰው እያስረገጡ የታችኛው ፖምፓ (ካምቢዮው ጎን ሆኖ ኩሽኔታውን የያዘውን ሹካ የሚገፋው) ዘንግ ምን ያህል እንደሚገፋ ከሥር በማስመሪያ ይለኩ። ኤምጂቢ ላይ 13 ሚሊ ሜትር አካባቢ መሄድ አለበት። 13 እየሄደ ማርሹ ከጮኸ ችግሩ ውስጥ ነው፤ 9 ወይም 10 ብቻ ከሄደ ገና ካምቢዮ የሚወርድበት ምክንያት የለም።

የጠፋው ሚሊ ሜትር የት ሄደ? መጀመሪያ ፔዳሉን ከላይኛው ፖምፓ ጋር የሚያያይዘውን ፒን ያውጡ። ክብ መሆን የነበረበት ቀዳዳ እንቁላል መስሎ፣ ፒኑም ወገቡ ተበልቶ ያገኙታል። ኤምጂቢ የላይኛው ፖምፓ ውስጠኛ ስፋቱ ሦስት አራተኛ ኢንች፣ የታችኛው አንድ ኢንች ከሩብ ስለሆነ ላይ የጠፋ 3 ሚሊ ሜትር ታች 1 ሚሊ ሜትር ይወስዳል። ታች ባለው የሹካ ፒን ላይ የጠፋው ግን አንድ ለአንድ ነው የሚቆረጠው። ፒኑን ቶርኖ ቤት ማስቆረጥ ይቻላል፤ ቀዳዳውን ሞልቶ አስበይዶ እንደገና ማስበሳትም እንዲሁ።

ከዚያ ጎማ ቱቦው። በሚረገጥበት ጊዜ በእጅ ይያዙት፤ ካበጠ ግፊቱን እየበላ ነው፤ ይቀየር። ፔዳሉ ሲለቀቅ ፍሪሲዮኑ ዘግይቶ የሚይዝ ከሆነ ደግሞ ቱቦው በውስጥ አብጦ ተዘግቷል።

አየር ለማስወጣት የላይኛውን ማጠራቀሚያ ሞልተው ቀጭኑን ቱቦ የታችኛው ፖምፓ ማስወጫ ላይ ይሰኩ፤ ሌላውን ጫፍ ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ያጥልቁ። ሰውየው ቀስ ብሎ ይርገጥና ይያዝ፤ ይክፈቱ፤ ይዝጉ፤ ከዘጉ በኋላ ብቻ ይልቀቅ። አረፋው እስኪያልቅ ይደጋግሙ። አልወጣ ካለ የታችኛውን ፖምፓ ፒስቶን እስከ ጥግ ገፍተው አስረው ይሞክሩ፤ አየሩ የሚደበቀው ከፒስቶኑ ጀርባ ነው። ማጠራቀሚያው መሀል ላይ እንዳይደርቅ፣ አለዚያ ከዜሮ ነው የሚጀመረው። ዘይቱ ቀለም ላይ ከፈሰሰ ቶሎ በውኃ ይታጠብ፤ ቀለም ያነሳል።

የሞተር ዘይት ወይም የመሪ ዘይት በምንም ምክንያት አይጨመር። ጎሚኒው አብጦ ይጨማደድና ሁለቱም ፖምፓ ይጠፋል። ተከፍቶ ክረምቱን መደርደሪያ ላይ የቆየ የፍሬን ዘይትም ከአየሩ እርጥበት ስለሚስብ ይጣል።

ፍሪሲዮኑ ጤነኛ ሆኖ ማርሹ ሲከብድ

ካርማን ጊያና ቮልስ ላይ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ወንበሩን አንስተው ወለሉ ላይ ያለችውን ትንሽ ክዳን ሲከፍቱ የማርሽ ዘንጉን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው ባለጎማ መገጣጠሚያ ይታያል። ጎማው ካለቀ ማርሹ እንደ ገንፎ ማማሰያ የትም ይዞራል፣ ሁለተኛ ሲፈለግ አራተኛ ይገኛል። ሲቀይሩት የሚይዘውን ብሎን በሽቦ ማሰርዎን አይርሱ። ከመሪው በኩል፣ ማርሽ ዘንግ ሥር ያለው ቡሽም ሲደርቅ ወይም ሲሰበር ያንኑ ያደርጋል።

የማርሽ ማንሻው ሥር ያለው ሳህን ተፈትቶ ከነበረ አቀማመጡን ያረጋግጡ፤ የተጠማዘዘው ከንፈሩ በቀኝ በኩል ወደ ላይ ይሁን። ሁለቱን 13 ብሎኖች አላልተው ትንሽ ወደፊት ወይም ወደኋላ በማድረግ ሁለተኛና ኋላ ማርሽ ልክ የሚገቡበት ቦታ ይገኛል።

ዘይት ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ካምቢዮ ያለጥፋቱ የሚከሰሰው በዘይት ነው። ለቮልስ ካምቢዮ ቅያሬ 2.5 ሊትር 90 ቁጥር ጂኤል 4 ነው። ጂኤል 5 የሚል ቆርቆሮ «ይበልጣል» ተብሎ ይሸጣል። ውስጡ ያለው ቅመም የናስ ሲንክሮናይዘር ቀለበቶችን ይጎዳል፣ በጣም ስለሚያንሸራትትም ቀለበቱ ማርሹን ይዞ ማቆም ያቅተዋል። ኤምጂቢ ደግሞ ካምቢዮው የሚፈልገው የሞተር ዘይት 20 ደብልዩ 50 ነው፤ «ካምቢዮ ስለሆነ» ብሎ 90 የሞላበት ሰው ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ማርሹን በሁለት እጅ ያስገባል። አልፋ ላይ ሁለተኛ ማርሽ ቀዝቃዛ ሳለ መክበዱ የታወቀ ጠባዩ ነው፤ እስኪሞቅ ፍሪሲዮኑን ሁለት ጊዜ ረግጠው ያስገቡት። እ.ኤ.አ. ከ1967 በፊት የተሠራ ኤምጂቢም አንደኛ ማርሹ ሲንክሮናይዘር የለውም። እየሄዱ አንደኛ ካስገቡ ይጮሃል፤ ተፈጥሮው ነው፣ አይጠገንም።

ክረምቱን ቆሞ የከረመ መኪና

ሰኔ ቆሞ መስከረም የተነሳ መኪና ፔዳሉ ልክ ሆኖ ማርሽ ጨርሶ አልገባም ካለ፣ ዲስኩ በዝገት ከቮላኖው ጋር ተጣብቋል። መጀመሪያ ፔዳሉን እስከ ታች አድርገው ከወንበሩ ጋር በእንጨት አስደግፈው ያሳድሩት። ካልለቀቀ ሞተሩን በደንብ አሙቀው ያጥፉ፤ ሰፊና ደልዳላ ግቢ ውስጥ፣ ፊት ለፊት ሰው በሌለበት፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮን እንደረገጡ ያስነሱ። መኪናው ይሄዳል። እንደረገጡ ነዳጁን ሰጥ ለቀቅ ያድርጉ፤ በድንገት «ኳ» ብሎ ይላቀቃል። የእግር ፍሬኑ አስተማማኝ ካልሆነ አይሞክሩት።

ሲከፈት ምን ይታያል

ምርመራው ሁሉ ወደ ውስጥ ካመለከተ ይውረድ። አቧራውን በኮምፕረሰር አይንፉ፤ የድሮ ሸራ አስቤስቶስ አለበት። በውኃ አርጥበው በጨርቅ ይጥረጉ።

ኩሽኔታውን በጣት ይዘው ያዙሩ፤ እንደ አሸዋ ካንኳኳ ወይም ያለ ምንም ክብደት እንደ መንኮራኩር ከተሽከረከረ ግራሶው አልቋል። በቤንዚን አጥቦ መልሶ መግጠም የተለመደ ስህተት ነው፤ የታሸገ ኩሽኔታ ነው፣ ቤንዚኑ ያለችውን ግራሶ አጥቦ ያወጣዋል። አዲሱንም አያጥቡ።

ኩሽኔታ ብቻውን አይቀየርም። ሹካው የሚቀመጥበትን ቡሽና ኩሽኔታው የሚንሸራተትበትን ቱቦ በጥፍር ይዳስሱ። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ አዲሱም ኩሽኔታ ያነክሳል። የፕሬሸር ፕሌቱ ጣቶች ጫፍ ላይ የተቆፈረ ቀለበት ካለ ወይም አንዱ ጣት ከሌሎቹ ከረዘመ ፕሌቱም ይሂድ። ቮላኖው ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ የሙቀት ምልክት ነው፤ ከለገሃር እስከ ማዘጋጃ ቤት የቸርችልን ዳገት በእጅ ፍሬን ፈንታ በፍሪሲዮን ይዞ የሚቆም ሰው መኪና ላይ ሁልጊዜ አለ። ቶርኖ ቤት ሲያስላጩ ዲስኩ የሚያርፍበትና ፕሌቱ የሚታሰርበት ፊት ከፍታቸው ከተለያየ ከሁለቱም እኩል ይላጭ።

ሞተሩ ጫፍ ላይ ያለውን ትንሹን የነሐስ ቡሽ ለማውጣት ልዩ መሣሪያ ከሌለ ቀዳዳውን በረጠበ ዳቦ ጠቅጥቀው ልክ የሆነ ዘንግ አግብተው በመዶሻ ይምቱ፤ ዳቦው ከኋላ ገፍቶ ያወጣዋል። (ድፎ ዳቦ ማባከን ነው፤ የትናንቱ ይበቃል።) አዲሱን ቡሽ አንድ ሌሊት በሞተር ዘይት ውስጥ ያሳድሩት። ቮልስ ላይ በዚህ ቡሽ ፈንታ ያለው ትንሽ ኩሽኔታ የቮላኖው ትልቅ 36 ዳዶ ውስጥ ነው፤ ዳዶው 300 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው የሚታሰረው፤ በተራ ቁልፍ «ጠበቅ አድርጌዋለሁ» አይሠራም።

ሶማሌ ተራ ወይም ተክለ ሃይማኖት ዕቃ ሲገዙ የወጣውን አሮጌ ይዘው ይሂዱ። የቮልስ ፍሪሲዮን ኩሽኔታ ሁለት ዓይነት ነው። እስከ 1970 (እ.ኤ.አ.) ያለው በክሊፕ ሹካው ላይ ይታሰራል፣ ፕሬሸር ፕሌቱም መሀሉ ላይ ቀለበት አለው፤ ከ1971 ሞዴል ወዲህ ያለው በቱቦ ላይ ይንሸራተታል፣ ፕሌቱ ቀለበት የለውም። ኩሽኔታው ከአንዱ፣ ፕሌቱ ከሌላው ከሆነ ይገጥም ይመስላል፤ አይገጥምም። የዲስኩም ስፋት 180 ወይም 200 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ይለካ።

ሲገጥሙ የዲስኩ ረጅም እምብርትና ስፕሪንጉ ያለበት ጎን ወደ ካምቢዮው ይዙር። በዘንጉ ጥርሶች ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል ሙቀት የሚችል ግራሶ ብቻ ቀብተው የተረፈውን ይጥረጉ፤ ከበዛ ሸራው ላይ ይረጫል። ዲስኩን ለማማከል ከሶማሌ ተራ የተጣለ የካምቢዮ መግቢያ ዘንግ ይበልጣል። የፕሌቱን ብሎኖች በመስቀል እያቀያየሩ፣ በየተራው አንድ ዙር ያህል ያጥብቁ፤ ቮልስ ላይ መጨረሻው 25 ኒውተን ሜትር ነው። ሞተሩን ወይም ካምቢዮውን ሲያገናኙ ክብደቱ ለአፍታም ዲስኩ ላይ አይንጠልጠል። ዲስኩ በፀጉር ያህል ከተጣመመ ሁሉ አዲስ ሆኖ ማርሹ በመጀመሪያው ቀን ይጮሃል፣ ሁሉም እንደገና ይወርዳል።

መኪናው ከወጣ በኋላ ቀይ መብራት ላይ ዜሮ ማርሽ ያድርጉና እግርዎን ያንሱ፤ ፔዳሉ ተረግጦ በቆየ ቁጥር ኩሽኔታው እየሠራ ነው፤ የኤምጂቢው ካርቦን ደግሞ እየተፋቀ ነው። 500 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ባለገመዱን እንደገና ይለኩ፤ አዲሱ ሸራ ሲያርፍ ባዶው ርግጫ ስለሚጠብ ዳዶውን ግማሽ ዙር ማላላት ሊያስፈልግ ይችላል።